ስለት የገባችው ፖስት ካርድ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዳግማዊትም የፖስት ካርዷን ነገር የሰማችው ከሰው ሁሉ መጨረሻ፣ ያውም ከግድግዳ ወዲያ ነው። የጥር ማርያም ዕለት ጧት ነበር። የጤና ጣቢያውን የላቦራቶሪ ተራዋን ለባልደረባዋ ለአዜብ አስይዛ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ልነሣ አልነሣ እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር፣ ከማኅሌት የተመለሱት አክስቷ እቴቴ ማንአለሽ ግቢው ውስጥ ቆመው ለጎረቤታቸው ለኤልሳቤጥ የሚያወሩት በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ ገባ። "ተገላገልኩ" አሉ እቴቴ። "ያችን አህያ ያለባትን ወረቀት ዛሬ ወስጄ ለማርያም አስገባሁላት። ስለቱ ሦስት ወር ሙሉ ከትከሻዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር።" ኤልሳቤጥ ደንግጣ "የዳግሜን? እሷ ታውቃለች?" አለች። ከዚያ እቴቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ስትነሣ ታውቃለች" አሉና ወደ ሽንኩርት ዋጋ ተሻገሩ።

ዳግማዊት በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ዘለለች። ከአልጋዋ ሥር ያለውን ሣጥን ጎትታ አልበሟን አወጣች። አልበሙ የሠርግ አልበም ነው፤ ልባሱ ላይ ሁለት ወርቃማ ቀለበት ተጠላልፎበታል። ከፎቶ ቤት ስትገዛው ባለሱቁ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ማን ነው ባለዕድሉ?" ብሏት ነበር። ባለዕድሎቹ በውስጡ የተደረደሩት ፖስት ካርዶች ናቸው። የፋሲል ግንብ ብቻ በዘጠኝ ዓይነት አለ፤ በፀሐይ፣ በዝናብ፣ በጥምቀት ሰው ሞልቶት፣ ሰው የሚባል ሳይኖርበት። ላሊበላ አለ፣ ጢስ ዓባይ ውሃው ሳይቀንስ አለ። አደይ አበባ የታቀፉ ልጃገረዶች፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰባቸው የገና ኮከቦች፣ ጉንጫቸው እንደ ቲማቲም የቀላ መላእክት አሉ። አንዳንዱን ላሊበላ ከሚገኙ የስጦታ ሱቆች በሃያና በሠላሳ ብር ገዝታዋለች፤ አንዳንዱን ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ከሣጥናቸው ግርጌ አውጥተው "ምን ያደርግልሻል?" እያሉ ሰጥተዋታል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ካርድ እንደምትሰበስብ የተወራ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ የተፋቀ የሞባይል ካርድ ሙሉ ፌስታል አምጥታላት ነበር፤ ላለማሳፈር ተቀብላታለች። አሁን ግን የመጀመሪያው ገጽ መሐል ላይ ያለችው ኪስ ባዶ ናት። እቴቴ ካርዲቱን አውጥተው ሲያበቁ፣ ፕላስቲኩን ደግሞ ሳይጨማደድ መልሰው በጥንቃቄ ከድነውታል።

የጎንደር ሰው ግንብ አለው፣ የላሊበላ ሰው ዐለት አለው፣ የባሕር ዳር ሰው ሐይቅ አለው፤ የንፋስ መውጫ ሰው ግን በፖስት ካርድ ዓለም ውስጥ የለም። ዳግማዊት ይህ ነገር ያበሽቃት ነበር። ፈረንጁ በዚህ በኩል ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ፎቶ ግን አያነሣም ብላ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ነበር ያቺ ካርድ የተገኘችው። በንጉሡ ዘመን የታተመች ናት፤ ጥቁርና ነጭ ሆና ላይዋ ላይ በእጅ ቀለም ተነካክታለች። ገበያ ነው። ከፊት አንዲት አህያ ጆሮዋን አቁማ በቀጥታ ወደሚያያት ሰው ታያለች፤ አጠገቧ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ነጠላው ወደ አንድ ወገን ተነፍቷል። ከግርጌ በአማርኛም በፈረንጅኛም "ንፋስ መውጫ፣ ገበያ" ተብሎ ባይጻፍ እንኳ፣ ያንን የነጠላ አነፋፍ ያየ የዚህ አገር ሰው የት እንደሆነ ይገባዋል። ባሕር ዳር አሮጌ መጻሕፍትና ሳንቲም ከሚሸጡ ሽማግሌ ዘንድ፣ ሁለት የፋሲል ካርድ ከነጉርሻው ሰጥታ ነው ያመጣቻት።

ወደ ጓዳ ስትገባ እቴቴ ማንአለሽ ለማኅበሩ የሚወስዱትን ዳቦ በነጭ ጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። ክፍሉ ሁለት ሰው ሲቆምበት የሚሞላ ነው። በአንድ ወገን ጥጥና እንዝርት የያዘ ሙዳይ፣ በሌላ ወገን ጋዝ የጨረሰ ቡታጋዝ፣ ከላይ በገመድ የታሰረ የሽንኩርት ጉንጉን። እቴቴ ቀና አላሉም።

"እቴቴ፣ ከአልበሜ የወሰዱት ነገር አለ?"

"አለ።"

"የኔ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ያንቺ ባይሆን ለማርያም ምን ያደርግላታል?"

ዳግማዊት ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ካርዲቱን በተመለከተ እሷ ራሷ ንጹሕ አልነበረችም። ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ስትሄድ ለአክስቷ "ስልጠና አለብኝ" ብላ ነው የወጣችው። አንዲት ሠላሳ ዓመት የሞላት የመንግሥት ሠራተኛ ለአንድ ወረቀት ብላ ያን ሁሉ መንገድ ትሄዳለች ብሎ መናገር አሳፍሯት ነው። በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብላ ሳለ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይታ በአንድ የጭነት አይሱዙ ላይ ከድንች ጆንያ ጋር ተጭና ገባች። እቴቴ ያን ዕለት አልቅሰው፣ እግሯን አጥበው፣ አብልተው አስተኟት። "ስልጠናው እንዴት ነበር?" ብለው ግን አንድም ቀን አልጠየቁም። እሷም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብለው ሁለቱም ያንን ጥቅምት እንደ ተቆለፈ ሣጥን በመካከላቸው አስቀምጠው፣ ዙሪያውን እየዞሩ ሲኖሩ ሦስት ወር ሆናቸው። ስለዚህ ዳግማዊት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ "ቤተክርስቲያን እንገናኝ" ብላ ወጣች። እቴቴም "ወፍራም ልበሺ፣ ነፋስ ነው" ከማለት በቀር አልከለከሏትም።

የባጃጁ ሹፌር በበዓል ምክንያት ሠላሳ ብር አለ። "ትናንት ሃያ አልነበረም?" ብትለው "ትናንት ቤንዚን ነበር፣ ዛሬ ከጥቁር ገበያ በጠርሙስ ነው የምቀዳው" አላት። መንገዱ በነጭ ለባሽ ሞልቷል። ሴቶች ጧፍና ዳቦ ይዘዋል፤ አንድ ገበሬ የስለት በግ እየጎተተ፣ በጉ ደግሞ እሱን እየጎተተ ይሄዳሉ። ዳግማዊት በልቧ ንግግሯን እያዘጋጀች ነበር። የቅዱሱን ቦታ ክብር ጠብቃ፣ ነገር ግን ስለ ንብረት መብት አስረግጣ፣ ለስለስ ብላ፣ ግን ደግሞ ጠንከር ብላ ልትናገር አስባለች። የቤተክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ላይ ስትደርስ ግን ቄሰ ገበዙ ቄስ እንየው ብቻቸውን ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ካርዲቱን ከዓይናቸው አስጠግተው አህያዋን እያዩ አገኘቻቸው። ንግግሩ ሁሉ ጠፋባት።

ዕቃ ቤቱ የበዓል ቀን ሱቅ መስሏል። ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ተደርቧል፣ መጋረጃው ከነፕላስቲኩ ተቆልሏል፤ የማር እንስራ፣ የሻማ ካርቶን፣ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ ሳይቀር አለ። ቄስ እንየው መስቀላቸውን አሳልመዋት ሲያበቁ ካርዲቱን ሳያስረክቡ አጠገባቸው አስቀመጧት። "የእቴቴሽ ስለት ናት" አሉ። ዳግማዊት አውቃለሁ አለች። ከዚያም ድፍረቷ ሳይከዳት ቶሎ ብላ ጠየቀች።

"አባ፣ የሰው ንብረት ስለት ይሆናል?"

"አይሆንም" አሉ ቄስ እንየው፣ ሳያመነቱ። ካርዲቱንም አንሥተው ዘረጉላት። "ያንቺ ናት፣ እንቺ። ማንም አይከለክልሽም። ስለቱ ግን እቴቴሽ ላይ ይቀራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። በሌላ ዕቃ እንዳይለውጡት፣ የተሳሉት ይቺን ነው።"

"ምን ብለው ነው የተሳሉት?"

"እሱን ለራሳቸው ተዪው። የንስሐ አባታቸው ነኝ እንጂ ወሬ አቀባያቸው አይደለሁም።"

የዳግማዊት እጅ ካርዲቱ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ብትወስድ መውሰድ ትችላለች። ነገር ግን እቴቴ ማንአለሽን ታውቃቸዋለች፤ ያልደረሰ ስለት ይዘው እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሴት አይደሉም። ቄስ እንየው ጭንቀቷን አይተው አንድ መንገድ አሳዩአት። ከታቦቱ መልስ የስለት ዕቃ ሁሉ ለጨረታ ይወጣል፤ የገዛ ሰው ገንዘቡን ለቤተክርስቲያን ይሰጣል፣ ዕቃውም የራሱ ይሆናል፣ ስለቱም በአግባቡ ደርሷል ማለት ነው። ዳግማዊት ደስ አላት። ለጫማ ብላ ያጠራቀመችው አራት ሺህ ብር ሞባይሏ ውስጥ አለ። ደግሞስ አህያ ላለባት አሮጌ ወረቀት ማን ይጫረታል? እቴቴ ነፃ ይወጣሉ፣ ካርዲቱ ወደ ኪሷ ትመለሳለች፣ ማንም አይቀየምም። የቄስ እንየውን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ብላ፣ ሲከለክሏት፣ ቀና ብላ ወጣች።

ከታቦቱ መውጣት በፊት ባለው ጊዜ አንድ ወይራ ሥር ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። የድሮ ፖስት ካርድ ወዳጆች የሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ የጎንደር ሰው አዲስ ሥዕል ለጥፏል። ሥዕሉ በኔትወርኩ ድካም ምክንያት ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ መጀመሪያ ሰማይ፣ ቀጥሎ ኮረብታ፣ ቀጥሎ የደበዘዘ ሰው የሞላበት ሜዳ። ከሥሩ "እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገበያ፣ የንጉሡ ጊዜ። በአካል መጥቶ ለሚወስድ ብቻ፣ በፖስታ አልልክም" ይላል። ዳግማዊት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እቴቴ ማንአለሽ የተወለዱት መካነ ኢየሱስ ነው። አልበሙን ባሳየቻቸው ቁጥር ገጹን ቶሎ ቶሎ እየገለጡ "እስቴ የለበትም?" ይላሉ፤ "የለበትም" ስትላቸው "እንግዲያማ ምን ዋጋ አለው" ብለው ይዘጉታል። ጎንደር ማለት ደግሞ ሌላ ጉዞ፣ ሌላ ውሸት ነው። በዚህኛው ምን ልበላቸው፣ ወርክሾፕ? እያለች ስታሰላስል፣ እቴቴ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ስልኳን አጠፋችው። ከጨርቁ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት፣ በላች። "ጨው በዛበት?" አሏት። "ደህና ነው" አለች። ወዲያው ደወል ተደወለ።

ታቦቱ ወጣ፣ ዞረ፣ እልልታው ኮረብታውን ሞላው፣ በሰላም ገባ። ከዚያ ድንኳኑ ፊት ሰባኪው መምህር ተክለሃይማኖት ድምፅ ማጉያ ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ ጃንጥላዎቹ ወጡ። አንደኛውን ጃንጥላ የእህል ነጋዴው አቶ ጥጋቡ በስድስት ሺህ ብር አሸነፉና፣ ተቀብለው እንኳ ሳይዘረጉ፣ "ለእመቤቴ መልሻለሁ!" አሉ። ሰው እልል አለ፣ ጃንጥላው እንደገና ለጨረታ ቀረበ፣ ሌላ ሰው ገዝቶ እሱም መለሰ። ያ ጃንጥላ ሦስት ጊዜ ተሸጦ ተመልሶ ዕቃ ቤት ገባ። አቶ ጥጋቡ በዚህ ደብር የታወቁ ተጫራች ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን መሸነፍ አይወዱም፤ አምና በአንድ በግ ላይ በአንድ የእንጨት ነጋዴ ተበልጠው ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ ብሏቸው እንደነበር ሚስታቸው ትናገራለች። አሁን የፊት ወንበር ላይ ነጭ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

ከአውራ ዶሮው ቀጥሎ የካርዲቱ ተራ ደረሰ። መምህር ተክለሃይማኖት ወዲህና ወዲያ አገላብጠው አዩዋት። "ምእመናን፣ ይህ ደግሞ... ሥዕል ነው" አሉ። "በሥዕሉ ላይ... አህያ አለች።" ሰው ሣቀ። መምህሩ ግን የሚረቱ ሰው አይደሉም። "ምን ያስቃችኋል? ጌታችን ኢየሩሳሌም የገባው በምን ተቀምጦ ነው? በላንድክሩዘር ነው? መነሻ ስንት አላችሁ?" አንድ ሽማግሌ ለበረከት ብለው መቶ ብር አሉ። እዚህ ላይ ዳግማዊት ዝም ብላ ትንሽ ብትታገሥ፣ መቶ ሃያ ብትል፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን የገበያ ሰው አይደለችም፤ ብድግ ብላ "አምስት መቶ!" ብላ ጮኸች።

ጉባኤው ተንሾካሾከ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ያለ ነገር አምስት መቶ አትልም፣ በማይክሮስኮፕ አይታ ያገኘችበት ነገር ቢኖር ነው ተባለ። የለም፣ ሥዕሉ የታመመ ይፈውሳል ተብሏል አለ ሌላው። አቶ ጥጋቡ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። "ሺህ" አሉ። "ሺህ ከሁለት መቶ" አለች። "ሁለት ሺህ።" "ሁለት ሺህ አንድ መቶ።" "ሦስት ሺህ።" ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩ። ዳግማዊት "ሦስት ሺህ አምስት መቶ" ስትል ድምፅዋ ቀጠነ። ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀራት። አቶ ጥጋቡም ይህን ያወቁ ይመስል ፈገግ ብለው ወደ ሰባኪው ዞሩ። "መምህር፣ ከዚህ በላይ የምጨምረውስ እጨምራለሁ። ግን ስለቱ ምን እንደሆነ ይነገረን። ምስክርነቱን እንስማና እንጫረት።"

"ባለስለቷ ማን ናቸው?" አሉ መምህር ተክለሃይማኖት። እቴቴ ማንአለሽ ከሴቶቹ መካከል ቀስ ብለው ተነሡ። ድምፅ ማጉያ ሲሰጧቸው እንደ ትኩስ ድንች ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩት።

"እኔ ንግግር አላውቅም" አሉ። "ይቺ ልጅ የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት እጄ ላይ ትታልኝ ነው የሞተችው። ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ሄደች። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ሞተ። አንዱ ደህና ናት ይለኛል፣ አንዱ ዝም ይለኛል። ዝም የሚለኝን ነው የፈራሁት። አንድ ቀን ጧት እዚህ ደጅ መጥቼ፣ እመቤቴ፣ እሷን መልሽልኝ፣ የሄደችበትን ነገር አንቺ ውሰጂው አልኳት። መለሰችልኝ። የሄደችበት ይቺ ናት። በቃ፣ ይኸው ነው።"

እልልታው ሲነሣ ዳግማዊት አልሰማችውም። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው "የሄደችበት ይቺ ናት" የሚለው ብቻ ነበር። እቴቴ ያውቃሉ። ሦስት ወር ሙሉ ስልጠና አለመኖሩን እያወቁ እግሯን አጥበዋል፣ ምሳዋን ቋጥረዋል፣ አንድ ቀን እንኳ በነገር አልወጓትም። ፊቷ እሳት ሆነ። አቶ ጥጋቡ ደግሞ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው "በሰው ልጅ ላይ አልጫረትም፣ ለእሷ ይሁን" አሉና ከጨረታው ወጡ። ሰባኪው "ሦስት ሺህ አምስት መቶ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ" ብለው ዙሪያውን ቃኙ፤ የሚናገር ጠፋ። ካርዲቱ የእሷ ሆነች። ገንዘቡን በስልኳ ለማስተላለፍ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ አስለመናት፣ በሦስተኛው ሄደላት።

ካርዲቱን በሁለት እጇ ይዛ ጉባኤው ፊት ቆመች። አህያዋ እንደ ልማዷ በቀጥታ ታያታለች። ያን ጊዜ ነፋሱ መጣ፤ ቀና ስትል ከፊቷ ያለው ሕዝብ ነጠላ ሁሉ ካርዲቱ ላይ እንዳለው ወደ አንድ ወገን ተነፍቶ አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ለአፍታም ደስ አላት። ወዲያው ግን ዓይኗ እቴቴ ማንአለሽ ላይ አረፈ። እቴቴ ተቀምጠዋል። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ይዘውታል። እንዲህ የሚያደርጉት መብረቅ ሲሆን ነው። ስለቱ ደርሷል ቢባልም፣ በጨረታ ተገዝቶ ነው ቢባልም፣ በእሳቸው ልብ ነገሩ ሌላ ነበር። ልጅቷ መጣች፣ ወረቀቷ ሄደች፤ ወረቀቷ ከመጣች ደግሞ ልጅቷ... እቴቴ ይህንን በአፋቸው አይናገሩትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እሷ ከቤት በወጣች ቁጥር በዚያ ነጠላ አፋቸውን ይዘው በሩን ሲያዩ ሊኖሩ ነው። ዳግማዊት እቴቴ ምን ያህል እንደሚወዷት ሁልጊዜ ታውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን አየችው፣ ዓይኗም እንባ ሞላ።

"ለእመቤቴ መልሻለሁ" አለች።

የሰማት የፊት ረድፍ ብቻ ነው። አቶ ጥጋቡ ብድግ ብለው "መልሳለች! ለእመቤቴ መልሳለች!" እያሉ አስተጋቡላት፤ እልልታው ከታቦቱ ጊዜ አላነሰም። መምህር ተክለሃይማኖት እንደ ጃንጥላው መስሏቸው "እሰይ፣ መነሻ ስንት ልበል?" ብለው ካርዲቱን ከፍ ሲያደርጓት፣ ቄስ እንየው ከኋላ መጥተው ከእጃቸው ወሰዷት። "ይቺ ከእንግዲህ አትሸጥም" አሉ። "በመስታወት አድርገን ዕቃ ቤት እንሰቅላታለን። አንቺም በየወሩ በሃያ አንድ መጥተሽ እያት።" ዳግማዊት አፍንጫዋን እየጠረገች "ፀሐይ እንዳይነካት፣ አባ" አለቻቸው። "ጭስም እንዳይነካት። ሙጫ ደግሞ አደራ፣ በሙጫ እንዳትለጥፏት።" ቄስ እንየው እንደ ጥብቅ የንስሐ ትእዛዝ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

ባጃጅ ስላልነበረ በእግራቸው ተመለሱ። መንገዱ አቧራ ነው፣ ነፋሱ ከኋላቸው ይገፋቸዋል። እቴቴ ባዶውን የዳቦ ጨርቅ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። የወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ ዳግማዊት ደፈረች።

"እቴቴ፣ ስልጠና እንዳልነበረ መቼ አወቁ?"

"የመጣሽ ለት።"

"በምን?"

"ውሃ ሳትጠጪ ነው ወረቀቷን ያወጣሻት" አሉ እቴቴ። "ከንፈርሽ እንደዚያ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃውን ይዤልሽ ቆሜ፣ አንቺ ከጡትሽ መሐል ወረቀት አወጣሽ፤ እርጥበት ነክቷት እንደሆነ ገልብጠሽ አየሽ። ከዚያ ነው ውሃውን የተቀበልሽኝ።"

ዳግማዊት ያንን አታስታውሰውም ነበር። አሁን ሲነገራት ግን እውነት መሆኑን አወቀች፤ በሐፍረት እግሯ ቆመ። እቴቴም ቆሙ። "አትቆጪ" አሉ፣ እሷ ሳትሆን እሳቸው የበደሉ ይመስል። "እኔ እኮ ደስ ነው ያለኝ። ስሳል የሄድሽበት ስልጠና ነው ብዬ ነው። ደርሳ ብትመጣ ስልጠናውን እንዴት አድርጌ ነው ለማርያም የምሰጣት ብዬ ጭንቅ ብሎኝ ነበር። ቄስ እንየውን እንኳ ጠይቄ ነበር፣ አላወቁልኝም። ወረቀቷን ስታወጪ፣ ተመስገን፣ ይቺስ በእጅ ትያዛለች አልኩ።"

ዳግማዊት መጀመሪያ እንባዋ መጣ፣ ከኋላው ሣቅ መጣ፣ ሁለቱ ተደባልቀው እስኪያስነጥሳት ድረስ ሣቀች። እቴቴም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አሁን ግን ሣቃቸውን ሊይዙ ነው። አንዲት መንገደኛ ሰክረው ነው ብላ ገላምጣቸው አለፈች።

የግቢው በር ላይ ሲደርሱ እቴቴ ቁልፉን ከመቀነታቸው እየፈቱ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ፣ "ከእንግዲህ ስትሄጂ ለምን እንደምትሄጂ ንገሪኝ" አሉ። "የማላውቀውን ነገር መሳል ይከብደኛል።"

ዳግማዊት ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ጧት ያየችውን ሥዕል ከፈተችና፣ ጥቂት አመንትታ፣ "ጎንደር ልሄድ ነው" አለች። "አንድ ሰው የድሮ ካርድ አለኝ ብሏል። የእስቴ ነው። የመካነ ኢየሱስ ገበያ።"

ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ቀረ። እቴቴ ማንአለሽ ዘወር ብለው የስልኩን መስታወት በሁለት እጃቸው ይዘው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት። የደበዘዘውን ሜዳ፣ የደበዘዘውን ሰው፣ ከኋላ ያለውን ኮረብታ በጣታቸው ሳይነኩ ተከተሉት። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"አህያ የለበትም?" አሉ በመጨረሻ።

"አይታይም፣ ደብዝዟል። በአካል ሄዶ ማየት ነው።"

እቴቴ ስልኩን መለሱላት። በሩን ከፍተው ገቡ፣ የዳቦውን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ሰቀሉ፣ ነጠላቸውን አውልቀው አራገፉ። ዳግማዊት ነገሩ በዚህ አበቃ ብላ ወደ ክፍሏ ልትገባ ስትል ከጓዳ ተጣሩ።

"አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምንሄደው?"